«እከክ» ተብሎ የታለፈ ጉዳት፦ በቤተ ክርስቲያን ማኅበረሰብ ውስጥ ሕፃናትንና ራሳቸውን መከላከል የማይችሉ አዋቂዎችን ስለ መጠበቅ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1999 በለንደን ሴንትራል ሚድልሴክስ ሆስፒታል አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ለምርመራ ቀረበች። ይዛት የመጣችው ሴት ዘመዷ አልነበረችም። የሴትየዋ እናት የሰው ልጆችን በክፍያ ትጠብቅ ስለ ነበር ሕፃኗን በዚያ ታውቃታለች፤ በሰውነቷ ላይ ያየችው ቁስልም አሳስቧታል። በመጀመሪያ የመረመሯት ሐኪም ጉዳቱ ሆን ተብሎ የደረሰ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠሩ። ጉዳዩ ለማኅበራዊ አገልግሎትና ለፖሊስ ተነገረ፤ ሕፃኗም ከሆስፒታል እንዳትወጣ የፖሊስ ከለላ ተሰጣት። በዚያው ምሽት ያዩዋት የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ግን በቆዳዋ ላይ ያለው ምልክት የእከክ ነው ሲሉ ወሰኑ። ከለላው ተነሣ። በማግስቱ ሕፃኗ ወደ አሳዳጊዋ ተመለሰች።

ሕፃኗ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ትባል ነበር። በኮት ዲቯር፣ በአቢጃን አጠገብ የተወለደች ስትሆን ወላጆቿ የተሻለ ትምህርት ታገኛለች በሚል ተስፋ ለአባቷ አክስት በአደራ ሰጥተዋት በፓሪስ በኩል ለንደን ገብታለች። ከዚያ ምርመራ ሰባት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2000 በስምንት ዓመቷ ሞተች። አስከሬኗን የመረመሩት ሐኪም 128 የተለያዩ ጉዳቶችና ጠባሳዎች ቆጥረዋል። አሳዳጊዋና አብሯት ይኖር የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 በግድያ ወንጀል ጥፋተኞች ተብለው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በሎርድ ላሚንግ የተመራው አጣሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ባወጣው ሪፖርት ሕፃኗን ማዳን ይቻልባቸው የነበሩ ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች መባከናቸውን አሳይቷል፤ 108 የማሻሻያ ሐሳቦችንም አቅርቧል።

ይህ ጉዳይ በብዙ አገር የሕክምና ትምህርት ውስጥ ይጠቀሳል። ሕፃኗ በመጨረሻዎቹ ወራት ወደ አብያተ ክርስቲያናት ትወሰድ እንደ ነበርና በእነዚያም ቦታዎች የታየባት ምልክት ሌላ ስም እንደ ተሰጠው ግን እምብዛም አይነሣም። ሁለቱ ታሪኮች አብረው ሊነበቡ ይገባል።

ከሆስፒታል ወደ ጸሎት ቤት

ከመጀመሪያው ምርመራ 10 ቀናት በኋላ ቪክቶሪያ ፊቷና ጭንቅላቷ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ ወደ ኖርዝ ሚድልሴክስ ሆስፒታል ገባች። አሳዳጊዋ የሰጠችው ምክንያት ሕፃኗ የሚያሳክካትን ለማስታገስ ራሷ ውኃውን አፈሰሰችው የሚል ነበር። ቀደም ሲል የተሰጠው የእከክ ስም ለአሳዳጊዋ ምስክር ሆኖ አገለገለ ማለት ነው። ሕፃኗ በዚህ ሆስፒታል 13 ሌሊት አሳለፈች። ያስታመሟት ነርሶች በሰውነቷ ላይ የቀበቶ ዘለበት የሚመስል ምልክት እንዳዩ፣ ከአሳዳጊዋ ጋር ያላት ግንኙነትም የእመቤትና የአገልጋይ ይመስል እንደ ነበር በኋላ ለጉባኤው ተናግረዋል። ካዩት ውስጥ ብዙው ግን በሕክምና መዝገቧ ላይ አልሰፈረም። የክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ጥርጣሬ ነበራቸው፤ በካርዱ ላይ የጻፉት ግን ሕፃኗ መውጣት ትችላለች የሚል አጭር ቃል ነበር። ሐኪሟ በዚህ ቃል ሕመሟ ተሽሏል ማለታቸው ነበር። ያነበቡት ሠራተኞች ደግሞ ወደ ቤቷ መመለሷ አያሰጋም ማለት አድርገው ተረዱት። በአንድ መስመር ጽሑፍ ላይ የተፈጠረ ይህን የመሰለ አለመግባባት በየትኛውም ሆስፒታል በየዕለቱ ሊደርስ የሚችል ነው።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩን የተረከበችው የፖሊስ ባልደረባ የሕፃኗን ቤት ሄዳ አላየችም፤ ምክንያቷም እከኩ እንዳይጋባባት መፍራቷ ነበር። አንድ የተሳሳተ የሕክምና ስም በዚህ መንገድ ቤቱን ከጠያቂ ዓይን ሸሸገው።

ሕፃኗ ሽንቷን መቆጣጠር ተሳናት። ለሐኪም ይህ ምልክት የፍርሃት፣ የጉዳት ወይም የበሽታ ምርመራ የሚያስፈልገው ነው። አሳዳጊዋ ግን ወደ አንድ ፓስተር ወሰደቻት፤ ፓስተሩም ክፉ መንፈስ አድሮባታል ብለው ጸሎት መከሩ። ክረምቱን ሕፃኗ በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ በገንዳ እንድትተኛ ተደረገ። በፌብሩዋሪ 2000 ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተወሰደች፤ በዚያም መንፈስ ለማስወጣት ለሚደረገው የዓርብ ጸሎት ለ25ኛው ቀን ተቀጠረች። በ24ኛው ቀን ራሷን ስታ ተገኘች። ያሳፈራቸው የታክሲ ሹፌር ሁኔታዋን አይቶ በቀጥታ ወደ አምቡላንስ ጣቢያ አደረሳት። ሆስፒታል ስትደርስ የሰውነቷ ሙቀት 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። የሞተችው ለጸሎቱ በተቀጠረችበት ዓርብ ነው። ሐኪም፣ ፖሊስ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛና የሃይማኖት አገልጋይ ሁሉ ካዩዋት በኋላ፣ ያየውን አምኖ ሳይዘገይ ያደረሳት የታክሲ ሹፌር መሆኑ ለባለሙያ ሁሉ የሚከብድ ነው።

የቪክቶሪያ ጉዳይ ብቸኛ አልነበረም። ለእንግሊዝ መንግሥት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ከ2000 ወዲህ የታወቁና መንፈስ አድሮባቸዋል ወይም ጠንቋዮች ናቸው ተብለው በደል የደረሰባቸውን 47 ሕፃናት የሚመለከቱ 38 ጉዳዮችን መርምሯል። ለክሱ መነሻ ከሆኑት ነገሮች መካከል የሚጥል በሽታ፣ የአካል ጉዳት፣ የመንተባተብና አልጋ የማርጠብ ችግር ይገኙበታል። ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ተለይተው ከሌላ አሳዳጊ ጋር የሚኖሩ ነበሩ።

የእምነት ማኅበረሰብ ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል?

ቤተ ክርስቲያን የብዙ ችግረኞች መጠጊያ ናት። ወላጅ የሌለው ሕፃን፣ አእምሮው የታወከ ወጣት፣ ጧሪ ያጣች አሮጊት ሌላ በር ሲዘጋባቸው የሚያንኳኩት የእርሷን በር ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ደካሞች በሚሰበሰቡበትና አገልጋዩ በሚታመንበት ስፍራ፣ ይህን እምነት ለክፋት ሊጠቀምበት የሚሻ ሰው ቢገባ የሚጠይቀው አይኖርም።

ከ1950 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የመረመረውና በ2004 የወጣው የጆን ጄይ ኮሌጅ ጥናት፣ በአሜሪካ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን 10,667 ሰዎች በልጅነታቸው ተደፍረናል ማለታቸውን፣ የተከሰሱት ካህናትም 4,392 መሆናቸውን መዝግቧል። በእንግሊዝና ዌልስ የተቋቋመው ነጻ አጣሪ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ1940ዎቹ እስከ 2018 ድረስ 390 የአንግሊካን ካህናትና በኃላፊነት ላይ የነበሩ ሌሎች ሰዎች በሕፃናት ላይ በፈጸሙት ወሲባዊ ወንጀል መፈረዱን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ደግሞ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ፣ ስለ አንድ ለብዙ ዓመታት ወንዶች ልጆችን ሲደበድብ ስለ ኖረ ሰው የቀረበው ሪፖርት ከወጣ በኋላ፣ ከሥልጣናቸው እንደሚለቁ አስታውቀዋል።

በእነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ወንጀሉ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ያወቁ ሰዎች ዝምታ ነው። የተቋሙ ስም እንዳይጎድፍ መፍራት፣ ይቅርታን ከፍርድ ጋር ማምታታት፣ አጥፊውን ወደ ሌላ ደብር ማዛወር፣ የተበደለውን እንደ አሳሳች መቁጠር በየአገሩ ተመሳስሎ ይገኛል። ሐኪምና ነርስ ከዚህ ዝምታ ውጭ ያሉ ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን የጤና ባለሙያውም ብዙውን ጊዜ የዚያው ደብር ምእመን ነው፤ በሽተኛውን ይዞ የመጣው ሰው መነኩሴ ወይም ሰባኪ ሲሆን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ በአክብሮት ምክንያት ሊቀር ይችላል። አክብሮቱ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ግን መቅረት የለበትም።

በጠበል ቦታና በአብነት ትምህርት ቤት

የለንደኑ ታሪክ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕመምም ሆነ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከጤና ጣቢያ አስቀድሞ ወደ ጠበል መሄዱ የተለመደ ነው። ብዙዎች በዚያ እረፍትና ርኅራኄ ያገኛሉ። ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ግን ሕመሙ የጸናባቸው ወይም በሂደቱ ጉዳት የደረሰባቸው ስለሚሆኑ፣ ባለሙያው የሚያየው የነገሩን አንድ ወገን ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል።

ጉዳቱ የሚደርስባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። በሰንሰለት ወይም በገመድ ለረጅም ጊዜ መታሰር በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ቁስል፣ የነርቭ ጉዳትና የጡንቻ መሟሸሽ ያስከትላል። መንፈሱን ለማናገር ወይም ለማስወጣት በሚል የሚፈጸም ድብደባ በጀርባና በእግር ላይ ረጃጅም ምልክት ይተዋል። በርበሬ መታጠን ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል፤ አስም ላለበት ሕፃን ለሕይወት ያሰጋል። ረጅም ጾም ምግብ ለጎደለው ሕፃን ወይም ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚረሳው የመድኃኒት መቋረጥ ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ያለ ፋታ የሚደጋገም መንፈራገጥ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ቤተሰቡ መንፈራገጡን መንፈሱ እንደ ተቆጣ ምልክት አድርጎ ሊወስደው ስለሚችል፣ መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይቋረጥ በሚሰጥበት ቀን በግልጽ መነገር አለበት። ጠበልና መድኃኒት የግድ የሚጋጩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አሳስበዋል። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ቦታም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ከአጥማቂዎች ጋር ተባብረው መሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ጠበሉን ማጣጣል በሽተኛውን ከማራቅ በቀር የሚያተርፈው የለም።

የአብነት ተማሪዎች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባል። የቆሎ ተማሪ በልጅነቱ ከወላጆቹ ርቆ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ በጠባብ ጎጆ ከባልንጀሮቹ ጋር ተጨናንቆ የሚኖር ነው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት በእነዚህ ተማሪዎች ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ እከክም እንዲሁ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ የሚያክክ የቆሎ ተማሪ ሲመጣ እከክ ነው ማለት ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። አደጋው ያለው ትክክል በመሆኑ ነው። እከክ ያለበት ልጅ ከዚያ በተጨማሪ የተደበደበ፣ በውሻ የተነከሰ ወይም የተደፈረ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ስም ሲገኝ ምርመራው ከቆመ ሌላው ተሰውሮ ይቀራል።

ምርመራና መዝገብ

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ተደበደቡ ሕፃናት ያቀረቡት ጽሑፍ ዋና ቁም ነገሩ፣ የተነገረው ታሪክና የታየው ጉዳት ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ሐኪሙ እንዲጠረጥር ነው። ይህ መመሪያ ዛሬም አልተሻረም።

እከክ የራሱ ጠባይ አለው። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያና በመራቢያ አካል ላይ ይበዛል፤ ሌሊት ያብሳል፤ አብረው የሚኖሩት ሰዎችም ያክካቸዋል፤ በቤንዚል ቤንዞኤት፣ በፐርሜትሪን ወይም በአይቨርሜክቲን ይሻላል። ማከክ የሚተወው ቁስል የቀበቶ ወይም የገመድ እጥፋት ቅርጽ አይኖረውም። ቅርጽ ያለው ምልክት፣ በጆሮ፣ በጀርባ፣ በመቀመጫና በጭን ውስጠኛ ክፍል የሚገኝ ሰንበር፣ ወሰኑ እንደ ተሰመረ ቀጥ ያለ የውኃ ቃጠሎ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግ ያስገድዳል። ቀደም ሲል ከሰንበሩ ቀለም ተነሥቶ የጉዳቱን ዕድሜ መገመት የተለመደ ነበር፤ አስተማማኝ አለመሆኑ ስለ ታወቀ በመዝገብ ላይ መጻፍ ያለበት የታየው መጠን፣ ቅርጽና ቦታ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ሰንበር በቀላሉ ስለማይለይ በቂ ብርሃን ያስፈልጋል፤ መዳሰስም ይረዳል።

ጥርጣሬም ልክ አለው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን እሳት ውስጥ ወድቆ ሊቃጠል ይችላል፤ በአጠገቡ ያሉትም በሽታው ይጋባብናል ብለው ስለሚፈሩ ሳያነሡት ይቆዩ ይሆናል። ይህን ቃጠሎ ሆን ተብሎ የደረሰ ነው ብሎ ቤተሰቡን መወንጀል ሌላ በደል ይሆናል። የባለሙያው ሥራ ፍርድ መስጠት ሳይሆን ያየውን በትክክል መመዝገብና የሚመለከተው አካል እንዲመረምረው ማድረግ ነው።

ሕፃኑ ይዞት ከመጣው ሰው ተለይቶ ሊጠየቅ ይገባል። ቪክቶሪያ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበረች፤ አሳዳጊዋ ስለ እርሷ ትናገር ነበር። በኢትዮጵያም ሕፃኑ አማርኛ የማይችል ከሆነ አስተርጓሚው አብሮት የመጣው ሰው መሆን የለበትም። ጥያቄው ክፍት ይሁን፤ «ምን ሆነህ ነው?» ማለት «አባ እገሌ መቱህ?» ከማለት ይሻላል። የተናገረው ቃል ሳይታረም በራሱ አነጋገር ይጻፍ። ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል መግባት አይገባም፤ የማይጠበቅ ቃል ነውና ልጁን ሁለተኛ ጊዜ ይጎዳዋል።

ጾታዊ ጥቃት ሲጠረጠር ጊዜ ወሳኝ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ወዲያውኑ መጀመር አለበት፤ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል። የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ ሕክምናን ማቆየት ተገቢ አይደለም። ሕጉን በሚመለከት፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃናትን ማሠቃየትን፣ በአንቀጽ 626 እና 627 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ በደልን ይቀጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ሕፃናት በሚያሳድጓቸው ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ወንጀል በሽማግሌ እርቅ የሚዘጋ አይደለም።

የላሚንግ ሪፖርት ለጤና ባለሙያዎች ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ በተለይ ሊጤን ይገባል። ስለ አንድ ሕፃን ጉዳት ሐኪሞች ሲለያዩ፣ ልዩነታቸውን ተወያይተው ውይይቱ በመዝገብ እንዲሰፍር፤ ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት ነው የሚለው ሐሳብም ያለ ሙሉ ውይይት፣ ካስፈለገም ያለ ሌላ ሐኪም አስተያየት እንዳይጣል ይጠይቃል። ተዋረድ በጸናበት ሆስፒታል የታናሹን ሐኪም ወይም የነርሷን ጥርጣሬ የበላዩ በአንድ ቃል መሻሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ምርመራ ጉዳቱን የጠረጠሩት ሐኪም ከወሰኑት ስፔሻሊስት በማዕረግ ያንሱ ነበር።

በደሉ የደረሰበት አዋቂ ሲሆን

ለአዋቂዎች የሚደረገው ጥበቃ ከሕፃናቱ በአንድ ነገር ይለያል። የራሱን ጉዳይ መወሰን የሚችል አዋቂ፣ ጉዳቱ ለፖሊስ እንዳይነገር ቢጠይቅ ፈቃዱ ሊከበር ይገባል፤ ሌላ ሰው ለአደጋ የሚጋለጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአእምሮ ሕመምና በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ምክንያት ጉዳት ያለባቸውንም ያጠቃልላል፤ ሕመም በራሱ የመወሰን መብትን አይነሣም። በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ ያለ ሰው በዕለቱ መወሰን ባይችል ከሳምንታት ሕክምና በኋላ ሊችል ስለሚችል ጥያቄው እንደገና ይቅረብለት።

ልጃቸውን በሰንሰለት አስረው ጠበል ያደረሱ ወላጆች አብዛኞቹ ጨካኞች አይደሉም። ልጁ እንዳይጠፋ፣ ሰው እንዳይጎዳ ወይም እንዳይጎዱት ሌላ አማራጭ ያጡ ናቸው። ወደ ሕክምና ሲመጡ የመጀመሪያው ሥራ ቁስሉን ማከም፣ መድኃኒት መጀመርና ሰንሰለቱ የሚፈታበትን ቀን ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ነው። የንስሐ አባታቸው በዚህ ንግግር ላይ ቢገኙ፣ ባለሙያው የተናገረውን ቤተሰቡ ቤቱ ሲገባ የሚያስታውሰው ሰው ያገኛል። በደሉ የተጠረጠረው በእርሳቸው ላይ ወይም በሚያገለግሉበት ቦታ ሲሆን ግን ጉዳዩ ወደ ፖሊስና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

ከሆስፒታል የሚወጣ በሽተኛ ካርዱ ላይ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያድርና መቼ እንደሚመለስ መጻፍ አለበት። ለቆሎ ተማሪ ይህ የየኔታውን ስምና የደብሩን ስም ይጨምራል። መምህሩ ራሳቸው ካልተጠረጠሩ፣ አብረውት በጎጆው ያሉትን ተማሪዎች ለእከኩ ሕክምና በማግስቱ ይዘው እንዲመጡ ይነገራቸው፤ ያን ጊዜ ሌሎቹንም ልብሳቸውን አስወልቆ በቂ ብርሃን ባለበት ማየት ይቻላል።